እህቴ ከዱባይ የትኛውን የድሪፍት መኪና ታምጣልኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሀዋሳ የምኖር የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሪሞት መኪና ድሪፍት (ጅራቱን ወደ ጎን እያንሸራተቱ መንዳት) በቪዲዮ ካየሁ ወዲህ ልቤ ተሰቅሏል። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ አንድ ላምጣልህ ብላኛለች። ፎር ዊሉ (በአራቱም ጎማ የሚሄደው) ይሻላል ወይስ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄደው? ባትሪውንስ ኤርፖርት ላይ አይዙባትም? እናቴ ደግሞ «ወለሌን ልትፍቅልኝ ነው» ብላ ከወዲሁ ጀምራለች።
አ. ከሀዋሳ

መልስ፦ እህትህ ትባረክ! በኋላ ጎማ የሚሄደውን አስመጣ። ፎር ዊሉ ለጀማሪ ይቀላል የሚሉህ ሰዎች አልተሳሳቱም። የፊት ጎማዎቹ ስለሚጎትቱት ቶሎ አይሽከረከርብህም። ግን ጅራቱ ሲወጣ መሪ መመለስን በደንብ አያስተምርህም። የድሪፍት ጣዕሙ ደግሞ እሱ ላይ ነው።

ድሮ በኋላ ጎማ መንዳት ፈተና ነበር፤ አሁን ጋይሮ አለ። ጅራቱ ሲወጣ ይህች ትንሽ ዕቃ ራሷ የፊት ጎማዎቹን ወደ ተቃራኒ ትመልሳለች። መኪናው እንደደረሰህ በእጅህ አንሳውና አፍንጫውን ወደ ቀኝ አዙረው። የፊት ጎማዎቹ ወደ ግራ ከታጠፉ ልክ ነው። ወደ ቀኝ ከታጠፉ የጋይሮው አቅጣጫ ተገልብጧል፤ አስተካክለው። ጎማዎቹ እየተንቀጠቀጡ ካስቸገሩህ የጋይሮውን ኃይል ትንሽ ቀንስ።

መጠኑ 1/10 ይሁን፣ ማለትም የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ። ዮኮሞና ኤምኤስቲ የሚባሉት አምራቾች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ኪት ከሆነ ብሎን በብሎን ራስህ ትገጥመዋለህ። ተገጣጥሞ የሚመጣም አለ። ሲገጥሙት የዋሉትን መኪና መጠገን አይከብድም፤ ትዕግሥት ካለህ ኪቱን ምረጥ። ባትሪና ቻርጀር ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው የሚሸጡት፤ ሳትከፍል በፊት ትጠይቅልህ። ለጠንካራ ሞተር ገንዘብ አታስወጣት። በእሱ ፈንታ የመሪ ክንዶችና ትርፍ ጎማ ትጨምርልህ። ሀዋሳ ላይ እነሱን የት ታገኛለህ?

አሁን ወደ ወለሉ። የድሪፍት መኪና ጎማ ላስቲክ ሳይሆን ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ የሚንሸራተተውም ለዚያ ነው። አስፋልት ላይ ከነዳኸው ቶሎ ይበላል። እኛ አገር ግን ሊሾ አለ! በደንብ የተለሰነ ሊሾ እንደ ጣባ የለሰለሰ ነው፤ ለዚህ ጨዋታ ከእሱ የሚሻል አልፈልግም። የኮንዶሚኒየም ኮሪደር ቴራዞም ይሆናል፣ ጎረቤት ከፈቀደ። ጎማው ሲያልቅ ሪሙን ይዘህ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሂድ። ድሮ ብዙዎች የፒቪሲ ቧንቧ ቆርጠው ነበር ሪሙ ላይ የሚያጠልቁት። ብቻ አራቱም ጎማዎች ከአንድ ቧንቧ ይቆረጡ።

ልምምዱን በክብ ጀምር። መሀል ላይ የውሃ ጠርሙስ አቁምና ዙረው። የሪሞቱን ጋዝ መስጫ እስከ መጨረሻ አትሳበው፤ ትንሽ ሰጥተህ እዚያው ያዘው። ዓይንህ መኪናው ላይ ሳይሆን መሄድ የምትፈልግበት ላይ ይሁን። አንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይከብድሃል፤ እሱን አብዝተህ ተለማመድ። ከዚያ ሁለት ጠርሙስ አቁመህ ስምንት ቁጥር ሥራ።

የባትሪው ጉዳይ ቀላል ነው። የተለመደው ሊፖ (የሊቲየም ባትሪ ዓይነት) 7.4 ቮልትና 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢሆን 37 ዋት ሰዓት ነው። 100 ዋት ሰዓት እስካላለፈ ድረስ በእጅ ሻንጣ ይዛው ትሳፈራለች። በሚጫነው ሻንጣ ግን ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ክልክል ነው። ጫፎቹን በፕላስተር ትሸፍናቸው፤ አየር መንገዷንም አስቀድማ ትጠይቅ። አንተ ደግሞ ቻርጅ ላይ ሰክተህ አትተኛ፣ ከቤትም አትውጣ። ለቀናት የማትነዳ ከሆነ በባትሪው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ አድርገህ አስቀምጠው። ያበጠ ባትሪ ዳግም ቻርጅ አይደረግም።

እናትህ ግማሽ እውነት አላቸው። ወለል የሚፍቀው በጎማው ሥር የሚገባው አሸዋ ነው። ከመንዳትህ በፊት ጥረግ፤ ስትጨርስም ድገመው፣ ጎማው ሲፋቅ ደቃቅ ብናኝ ይተዋል። በዚያውም አክሱሉ ላይ የተጠመጠመ ክርና ፀጉር ካለ በወረንጦ አውጣው።