ካፕሱሉን ጀመርኩ ብለሽ መድኃኒትሽን እንዳታቆሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አልሰራቲቭ ኮላይቲስ (የትልቁ አንጀት ግድግዳ እየተቆጣ የሚቆስልበት የማይለቅ ሕመም) እንዳለብሽ ከታወቀ ስምንት ወር ሆኖሻል። አሁን ደሙም ቁርጠቱም ጠፍቶልሻል። አንዷ ጓደኛሽ ደግሞ "ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለው ካፕሱል እያለ ሜሳላዚኑ ምን ያደርግልሻል?" ብላሻለች። አንቺም ያንን የአንጀት ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒትሽን ልተወው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። የኔም ነገር የጀመረው ልክ እንደዚህ ነው። ስለዚህ ፕሮባዮቲክ (ይሄ ጠቃሚ የሚባለው ሕያው ባክቴሪያ) ምንድን ነው የሚለውን ልዝለለውና ያንገበገበኝን ልንገርሽ።

1. ሜሳላዚኑን አታቁሚ። እኔ አቆምኩ። ካፕሱሉን የሸጠልኝ ሰው "ይሄ ተፈጥሯዊ ነው፣ ያኛውን ኬሚካል ተገላገይው" አለኝ። ክኒን መዋጥ ሰልችቶኝ ስለነበር አመንኩት። ሦስት ሳምንት ምንም አልሆንኩም። እናቴ ጋ ደውዬ "ዳንኩ" ሁሉ ብያት ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሌሊት ቁርጠት ቀሰቀሰኝ። ሽንት ቤት ስገባ ደም የተቀላቀለበት ንፍጥ አየሁ። መብራቱን አጥፍቼ እዚያው ቁጭ አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ በቀን አሥራ ሁለቴ ያስቀምጠኝ ጀመር።

ክሊኒክ ስሄድ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ "ቀጠሮሽ ገና ነው" አለችኝ። ደም እየወጣኝ ነው አልኳት ቀስ ብዬ። እሷ ግን ሰልፉ ሁሉ እየሰማ "ስንቴ ነው የሚያስቀምጥሽ?" ብላ ጮኸችብኝ። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ግን ተመልሼ አልሄድኩም። ግድግዳ ተደግፌ ሁለት ሰዓት ጠብቄ ሐኪሙን አገኘሁት። አንቺም እንዲህ ካጋጠመሽ እንዳትመለሺ። የሰገራ ካልፕሮቴክቲን ምርመራ ታዘዘልኝ፤ አንጀት ምን ያህል እንደተቆጣ የሚያሳይ ነው። ከ50 በታች መሆን የነበረበት ከ1,000 አልፎ ተገኘ። ከዚያ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ፣ ያበጠ ፊት፣ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሁለት ወራት።

2. የባክቴሪያውን ዝርያ ሙሉ ስም እዪ። ሐኪሙ ካርቶኑን አገላብጦ አየና "ይሄ እኮ የቤተሰቡን ስም ነው የጻፈው፣ የትኛው ልጅ እንደሆነ አይናገርም" አለኝ። ኮላይቲስ ላይ በደንብ ከተፈተኑት አንዱ ኒስል 1917 የሚባለው ዝርያ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ጓዶቹ በተቅማጥ ሲወድቁ ደህና ከሆነ ወታደር ሰገራ ነው ያገኘው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት ሕመማቸው ጋብ ያለላቸው 327 ሰዎች ለ12 ወራት ከፊሎቹ ይህንን፣ ከፊሎቹ ሜሳላዚን ወሰዱ። ያገረሸባቸው ከመቶ 36 እና 34 ገደማ ነበሩ። የሚቀራረብ ነው። ግን ይሄ የዚያ አንድ ዝርያ ውጤት ነው፤ የኔ ካርቶን ውስጥ እሱ አልነበረም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበርም በ2020 መመሪያው ለኮላይቲስ ፕሮባዮቲክ ከጥናት ውጪ እንዲሰጥ አልመከረም።

3. አቀማመጡ። የኔው ላይ "ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ" የሚል ተጽፎበታል። ሰውዬው ያወረደልኝ ግን ፀሐይ ከሚመታው የመስኮት መደርደሪያ ላይ ነው! ያንን በዓይኔ እያየሁ ከፈልኩ። ባክቴሪያው በሙቀት ከሞተ የዋጥሽው ዱቄት ነው። ስቴሮይድ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት ላይ ካለሽ ደግሞ ሐኪምሽ ሳያውቅ አትንኪው። ሕያው ነገር ነው፤ በጠና በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ የገባበት ጊዜ አለ።

አራተኛም ልጽፍ ነበር፣ ግን እሱ ምክር ሳይሆን የራሴ ኑሮ ነው። አንጀታችን ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሰር ሲያገኙ ቡታይሬት የሚባል ነገር ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግባቸው እሱ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ሲበርድልኝ አሰር ያለው ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ጨመርኩ። ሲነሳብኝ ግን እቀንስ ነበር፣ ያኔ ይቧጥጠኝ ነበር። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን ሜሳላዚኔን እንደገና ጀምሬ አንድም ቀን አልዘለልኩም። ካፕሱልም እወስዳለሁ፣ ሐኪሜ የመረጠልኝን፣ ከመድኃኒቱ ጋር። ይኸው ሁለት ዓመት አልተነሳብኝም። የመጨረሻው ካልፕሮቴክቲን 38 ነበር፤ ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ።

ካፕሱሉን ገዝተሽ ከሆነ የካርቶኑን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ላኪልኝ። ዝርያውን አብረን እናየዋለን። ዛሬ ማታ ግን ሜሳላዚንሽን ዋጪ።