ቅኝ የተገዛ ሕዝብ ወደ ገዛው አገር የመግባት መብት አለውን?

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ የላቲን አሜሪካ አገሮች ዜጎች በስፔን 2 ዓመት በሕጋዊ መንገድ ከኖሩ ዜግነት መጠየቅ እንደሚችሉ፣ ሌላው የውጭ አገር ሰው ግን በመደበኛው ደንብ 10 ዓመት መጠበቅ እንዳለበት አነበብኩ። በአንጻሩ የኬንያ ወይም የጋና ሰው ለንደንን ለመጎብኘት እንኳ ቪዛ ይጠየቃል። ሁሉም ቅኝ የተገዙ ሆነው ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? ገዥ የነበረ አገር ለገዛቸው ሕዝቦች በሩን እንዲከፍት የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ሕግስ የለምን?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ የለም። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 12 ማንም ሰው ወደ ገዛ አገሩ የመግባት መብቱን በዘፈቀደ እንደማይነፈግ ይደነግጋል፤ ነገር ግን ቅኝ ግዛቱ ነጻ ወጥቶ ለሕዝቡ አዲስ ዜግነት ከሰጠ በኋላ «የገዛ አገር» የሚባለው አዲሱ መንግሥት እንጂ የቀድሞው ገዥ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የምናያቸው ልዩ መብቶች ምንጫቸው ወይ ገዥው አገር በፓርላማው ያወጣው ሕግ ነው፣ ወይም ሁለቱ መንግሥታት የተፈራረሙት ስምምነት ነው። በአንድ ወገን ፈቃድ የተሰጠው ደግሞ በዚያው ወገን ፈቃድ ሊነሣ ይችላል፤ ለዚህም ከብሪታንያ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የብሪታንያ የዜግነት ሕግ ለንደን የተወለደውንም ጃማይካ የተወለደውንም «የተባበረው መንግሥትና የቅኝ ግዛቶች ዜጋ» በሚል አንድ ስም ይጠራቸው ነበር፤ ሁለቱም ወደ ብሪታንያ የመግባትና በዚያ የመሥራት መብት ነበራቸው። ሕጉ ሲወጣ ብዙ ሕዝብ በዚህ መብት ተጠቅሞ ይመጣል ብሎ ያሰበ የነበረ አይመስልም። ሰዎቹ መምጣት ሲጀምሩ ግን መብቱ እየተሸረፈ ሄደ። የ1962ቱ ሕግ ከቅኝ ግዛቶችና ከኮመንዌልዝ (በአብዛኛው ብሪታንያ ትገዛቸው የነበሩ አገሮች ማኅበር) አገሮች በሚመጡት ላይ የሥራ ፈቃድ ግዴታ ጣለ፤ የብሪታንያ መንግሥት ራሱ ፓስፖርት የሰጣቸው ግን ከቁጥጥሩ ነጻ ነበሩ። በኬንያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ የእስያ ተወላጆች ከ1963ቱ ነጻነት በኋላ ይህንኑ ፓስፖርት ይዘው ስለነበር፣ የኑሮና የሥራ ጫና ሲበረታባቸው ወደ ለንደን መጉረፍ ጀመሩ። ፓርላማው በ1968 በጥቂት ቀናት ውስጥ ባጸደቀው ሌላ ሕግ፣ ራሱ ወይም ከወላጆቹና ከአያቶቹ አንዱ በብሪታንያ ምድር ያልተወለደና ተመሳሳይ ትስስርም የሌለው ሰው ፓስፖርቱን ይዞ በነጻ እንዳይገባ አገደ። የአያት መወለጃ ቦታ መመዘኛ ሲሆን ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚቀር ግልጽ ነበር፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በ1973 ሪፖርቱ ድርጊቱን በዘር ላይ የተመሠረተና ክብርን የሚያዋርድ ሲል ነቅፎታል።

የ1971ዱ የኢሚግሬሽን ሕግ ይህንኑ አሠራር አጠናቀቀው። ሕጉ በጥር 1973 ሥራ ላይ ሲውል ቀድመው ብሪታንያ ገብተው የተቀመጡትን የኮመንዌልዝ ሰዎች መብት ጠብቋል፤ መብቱን የሚያረጋግጥ ሰነድ ግን ለእያንዳንዳቸው አልተሰጠም። በልጅነታቸው ከካሪቢያን የመጡ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ከሠሩና ግብር ከከፈሉ በኋላ፣ አሠሪውና አከራዩ ሁሉ የመኖሪያ ማስረጃ እንዲጠይቅ በሚያስገድዱ አዳዲስ ሕጎች የተነሣ ሥራቸውን፣ ሕክምናቸውን፣ አንዳንዶቹም በአገሪቱ የመቆየት ዕድላቸውን አጡ። በ2018 ይፋ የወጣውና በ1948 ስደተኞችን ባመጣችው መርከብ ስም «ዊንድረሽ» የተባለው ቅሌት ይኸው ነው። የብዙዎቹን የመግቢያ ቀን ሊያስረዱ ይችሉ የነበሩ የመግቢያ ካርዶች በ2010 በመንግሥት ውሳኔ መወገዳቸው ደግሞ ነገሩን አባሰው። መብት አልጠፋባቸውም፤ የጠፋባቸው የመብቱ ማስረጃ ነበር።

በሌሎች ገዥዎች ዘንድ ዕጣን የወሰነው ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ነው። ሱሪናም በኅዳር 25 ቀን 1975 ነጻ ስትወጣ ከኔዘርላንድስ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት በዚያን ቀን ሱሪናም ይኖር የነበረ ተወላጅ በጥቅሉ ሱሪናማዊ ሆነ፣ ኔዘርላንድስ የነበረው ወንድሙ ግን ሆላንዳዊ ሆኖ ቀረ፤ ከነጻነቱ በፊት ብዙ ሕዝብ ወደ አምስተርዳም የተሻገረውም ይህን በማወቁ ነው። ፖርቱጋል በዚያው ዓመት ባወጣችው ድንጋጌ ከአፍሪካ ግዛቶቿ ተወላጆች መካከል ፖርቱጋላዊ የዘር ሐረግ የሌላቸውን አብዛኞቹን ከዜግነቷ አስወጣች፤ የፖርቱጋል ግዛት በነበረችውና በ1961 ሕንድ በያዘቻት በጎዋ ከዚያ በፊት የተወለዱ ሰዎች ግን እስከ ዛሬ የፖርቱጋል ዜግነታቸውን ማስመዝገብ ይችላሉ። በፈረንሳይ ሕግ ደግሞ አልጄርያ ከሐምሌ 1962 በፊት የፈረንሳይ አካል ስለነበረች፣ ከዚያ በፊት አልጄርያ ከተወለደ ወላጅ ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደ ልጅ ከልደቱ ጀምሮ ፈረንሳዊ ነው። የዛሬ አልጄርያውያን መግቢያና መኖሪያ ግን የሚተዳደረው በ1968 በተፈረመ የሁለትዮሽ ስምምነት ነው።

ወደ ስፔን ስንመለስ፣ የ2 ዓመቱ ዝርዝር የላቲን አሜሪካን አገሮች፣ ፊሊፒንስንና ኢኳቶሪያል ጊኒን ይይዛል፤ በስፔን ያልተገዛችው አንዶራም፣ ጎረቤቷ ፖርቱጋልም አሉበት። ሰሜኑ እስከ 1956 በስፔን ሥር የነበረችው ሞሮኮ ግን የለችበትም። ስለዚህ ሕጉ ለቅኝ ግዛት የሚከፈል ካሣ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ይመስለኛል፤ ስፔን በቋንቋና በባህል ይቀርቡኛል ያለቻቸውን ሰዎች የመረጠችበት ሕግ ነው።

ከዚህ በመነሣት «አያቴ የገዥውን አገር ፓስፖርት ይዞ ነበር» የሚል ሰው ከፓስፖርቱ ይልቅ ሊያጣራ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ አያቱ የት ተወለዱ፣ በነጻነቱ ቀን የት ይኖሩ ነበር፣ አዲሱ መንግሥት በዚያ ቀን ዜጋ አድርጓቸዋልን? ጠበቃ ቢያማክርም መጀመሪያ የሚጠየቀው እነዚህኑ ነው፤ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶችን አስቀድሞ መሰብሰብ ወጪ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የኮመንዌልዝ አባል አገር ዜጋ መሆን ዛሬ በብሪታንያ የሚያስገኘው ጥቅም ይኖራልን?

መልስ፦ አባልነቱ ብቻውን አያስገባም። ከአያቶቹ አንዱ በብሪታንያ የተወለደለት የኮመንዌልዝ ዜጋ ግን በዘር ሐረግ የሚሰጥ የሥራ ቪዛ ሊጠይቅ ይችላል፤ የ1968ቱ የአያት መመዘኛ በዚህ መልክ አሁንም አለ ማለት ነው። ከገቡ በኋላ ያለው መብት ይሰፋል፤ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የኮመንዌልዝ ዜጋ ብሪታንያዊ ዜግነት ሳይወስድ ለፓርላማ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል። ይህም በቅኝ የተገዛ መሆንን አይጠይቅም፤ በ2009 ማኅበሩን የተቀላቀለችው ሩዋንዳ በብሪታንያ ተገዝታ አታውቅም፣ ለንደን የሚኖር ዜጋዋ ግን ይመርጣል።