ፕሮጀክሽንን ከየት ልጀምርላቸው?

ጥያቄ፦ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ቴክኒካል ድሮዊንግ አስተምራለሁ። ፕሮጀክሽን ላይ፣ ማለትም የዕቃን የፊት፣ የላይና የጎን እይታ ወረቀት ላይ መሳል ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ ያለውን ይገለብጣሉ እንጂ አይገባቸውም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሰሌዳውን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ እጃቸው ላይ ዕቃ ይግባ። ከካርቶን አንድ ደረጃ ያለው ቁራጭ ይሥሩና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን ይዩት። ከላይ ሲያዩት ደረጃው ይጠፋና አንድ መስመር የሚያቋርጠው አራት ማዕዘን ብቻ ይቀራል። ያ መስመር የደረጃው ጠርዝ መሆኑን ራሳቸው ከደረሱበት ትልቁ ሥራ አለቀ፤ እባክዎ ቀድመው አይንገሯቸው!

ከዚያ ሦስት ካርቶኖችን እንደ ክፍል ጥግ ያጋጥሙ፣ አንዱ ወለል፣ ሁለቱ ግድግዳ። ዕቃውን ጥጉ ውስጥ አስቀምጠው ከፊት የታየውን ከኋላው ባለው ግድግዳ፣ ከላይ የታየውን ወለሉ ላይ፣ ከግራ የታየውን በቀኙ ግድግዳ ላይ ያስሏቸው። ካርቶኑን ሲዘረጉት የላይ እይታው ከፊት እይታው ሥር፣ የግራው ደግሞ በስተቀኝ ቁጭ ይላል። ፈርስት አንግል የሚባለው የእይታዎች አቀማመጥ ይኸው ነው፣ ሽምደዳ አያስፈልገውም።

ሰርድ አንግል በሚባለው ሌላው አቀማመጥ ላይ የላይ እይታው ከላይ፣ የግራው በግራ ይሆናል። ሁለቱን ባንዴ ማስተማር ልጆቹን ያምታታል፣ ስለዚህ አንዱ በደንብ ይግባቸው። የተደበቀ ጠርዝ በተቆራረጠ መስመር እንደሚሳል ያኔውኑ ያሳዩ። የዕቃውን ሦስት ገጽ ባንድ ሥዕል የሚያሳየውና በ30 ዲግሪ የሚሳለው አይሶሜትሪክ ግን ትንሽ ይቆይ፤ ሦስቱን እይታ አይተው ዕቃውን በካርቶን መልሰው መሥራት ሲችሉ ይግቡበት።