«ሥነ ምግባር» ለርዕስ እንጂ ለመጠይቅ አይሆንም

ጥያቄ፦ የምማረው ጅማ ነው። የማስተርስ ማሟያ ጽሑፌ የቡና ነጋዴዎችን «ቢዝነስ ኤቲክስ» ይመለከታል። «የንግድ ሥነ ምግባር» ልበል ወይስ «የንግድ ግብረ ገብ»? በሙከራ መጠይቄ «ሥነ ምግባር የጎደለው አሠራር አጋጥሞዎት ያውቃል?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም «የለም» ያሉኝስ ቃሉ ከብዷቸው ይሆን?

መልስ፦ ለርዕሱ «የንግድ ሥነ ምግባር» ይበሉ። «ግብረ ገብ» የመማሪያ ክፍል ይሸታል፤ ለነጋዴ አይመጥንም።

መጠይቁን ያበላሸው ግን ይኸው ቃል ነው። «ሥን» በግእዝ ውበት ነው። በ«ሥነ ሕይወት» እና በ«ሥነ ልቡና» የጥናት መስክ መጠሪያ ሆኗል፤ «ሥነ ምግባር» ግን የጥናቱም የመልካሙ ጠባይም ስም ሆኖ ቀረ። «የጎደለው» ሲጨመርበት ስድብ ይሆናል። በዚያ ላይ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ቃሉ ከ«ሙስና» ጋር ተጣምሮ ስለሚሰማ፣ ሰው ክስ የመጣበት ይመስለዋል።

ሌላም ጉዳት አለው። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ጀምስ ረስት እ.ኤ.አ. በ1986 የሥነ ምግባር ውሳኔን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፦ ጉዳዩ የሥነ ምግባር መሆኑን ማስተዋል፣ መፍረድ፣ ለማድረግ መቁረጥ፣ መፈጸም። የዘርፉ ጥናት ዛሬ አዘውትሮ የሚጠይቀው ደህና የሚባለው ሰው ለምን እንደሚያጠፋ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚሳተው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ጥያቄዎ «ሥነ ምግባር» ሲል ማስተዋሉን ለተጠያቂው እርስዎ ሠርተውለታል፤ ሊለኩት የፈለጉት ነገር አመለጠ።

ስለዚህ ድርጊቱን ብቻ ይንገሩት (ጀንፈል ከነገለፈቱ የሚደርቅ ቡና ነው)፦ «አንድ ሰብሳቢ በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል ከደረቀው ቀላቅሎ ሊያስመዝን መጣ። እርስዎ ቢሆኑ ዝም ብለው ይረከባሉ፣ ዋጋ ይቀንሳሉ ወይስ ይመልሱታል?» ክብደትም ከገባ በፈረሱላ ይጠይቁ፤ 17 ኪሎ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም። «ማጭበርበር» የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ።

ጥፋት አይቶ ለሚያሳውቅ ሰው የሚባለውን «ጠቋሚ»ንም ይጠንቀቁ። የ2003ቱ የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ይጠቀምበታል፤ የገበያው ጆሮ ግን «ጆሮ ጠቢ» ብሎ ይሰማዋል። «ለኃላፊ ይናገራሉ?» ይበቃል።

መጠይቁን ወደ ኦሮምኛ ሲመልሱ (ጅማ ላይ መመለስዎ አይቀርም) ለ«ሥነ ምግባር» ከሚቀርቡት ቃላት «ናሙሳ» ወደ ሥርዓት አክባሪነት ያደላል፤ «ሰፉ» ደግሞ ከንግድ ሰፍቶ ነውርንና ክብርን ሁሉ ይይዛል። የጀንፈሉ ምሳሌ ግን በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው። ኦሮምኛውን አማርኛውን ያላየ ሰው መልሶ ወደ አማርኛ ይተርጉመው፤ «ጥፋት» ወይም «ነውር» ብሎ ከመጣ፣ ፈራጅ ቃል ሾልኮ ገብቷልና ያ ዐረፍተ ነገር እንደገና ይጻፍ።