ኩኪሱ ለምን ይዘረጋል?

ጥያቄ፦ የቸኮሌት ኩኪስ ስጋግር ትሪው ላይ ይዘረጋል፤ ሲበርድ ደግሞ ይደርቃል። ምን ላድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሚዘረጋው ቅቤው ስለሚቀልጥ ነው። በባሕር ዳር ሙቀት የገበታ ቅቤ ጠረጴዛ ላይ ብዙ አይቆይም፤ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ይበል እንጂ አያብረቅርቅ። 150 ግራም ቅቤ ከ150 ግራም ስኳር ጋር ይምቱ፤ 1 እንቁላል፣ 200 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 40 ግራም ካካዋና 100 ግራም የተከተፈ ጥቁር ቸኮሌት ይጨምሩ። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቤኪንግ ፓውደሩ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ ሲበዛ ቶሎ ነፍቶ ይሟሽሻል። ሊጡን 1 ሰዓት ፍሪጅ ያስቀምጡት፤ ይህችን አደራ አይዝለሏት! በጋለ ትሪም ላይ አይደርድሩ።

የሚደርቀው መሃሉ እስኪጠነክር ስለሚጠብቁ ነው። በ180 ዲግሪ 11 ደቂቃ ገደማ ጋግረው፣ ጠርዙ ሲይዝ መሃሉ ገና ለስላሳ ሳለ ያውጡት። ትሪው ላይ በ5 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይጠነክራል።