ውሃ ዳር ስለቆመው ፎቅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ በሩሲያ ባሕር ዳርቻ የቆመ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ በስልኩ አሳየኝ። እኔ እዚህ ጣና ዳር ለአንዲት ፎቅ ያስቆፈርኩት መሠረት በሦስተኛው ቀን ውሃ ሞላው። ግንበኛው «ድንጋይ ሞልተን እንቀጥል» ይላል። እነዚያ እንዴት አቆሙት?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ያየሽው የሴንት ፒተርስበርጉ ላኽታ ማዕከል ነው፤ 462 ሜትር፣ 87 ፎቅ፣ ከአውሮፓ ረጅሙ። እኔ ስማርባት ከተማዋ ሌኒንግራድ ነበረች፤ እንዲህ ያለ ነገር አልነበራትም። መጀመሪያ መሀል ከተማ አጠገብ ሊሠሩት ሲሉ ሕዝቡ «መልካችንን ያበላሻል» ብሎ ስለተቃወመ ወደ ዳር ወሰዱት። ደግ አደረጉ!

አፈሩ እንደ አንቺው ዋልካ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ታች ሠሩ፦ 264 የኮንክሪት ምሰሶዎች፣ የእያንዳንዳቸው ውፍረት 2 ሜትር፤ የቤትሽን በር አጋድመሽ ለኪው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2015 የታችኛውን ወለል ለ49 ሰዓታት ሳያቋርጡ 19,624 ሜትር ኩብ ኮንክሪት አፈሰሱበት። ለምን አላረፉም? የትናንቱ ከደረቀ በኋላ የዛሬው ሲጨመርበት መጋጠሚያው ስንጥቅ ይሆናል፤ ውሃም በዚያ ይገባል።

አንቺ 264 ምሰሶ አያስፈልግሽም። ግን ድንጋዩን አታስሞዪ። ውሃው በሞተር ይውጣ፤ አፈሩም ከነጥልቀቱ ይመርመር፤ መሠረቱን መሐንዲስ ይወስንልሽ። ግንበኛሽ ቢያኮርፍ ቡና አፍይለት።