የጃምቡር የሕዝብ ቁጥር የት ይፈለጋል? በምንስ ይኬዳል?

ባለፈው ሳምንት ስለ ጃምቡር ጥቂት ብዬ ነበር። በህንድ ጉጃራት ግዛት፣ በጊር ጫካ አጠገብ ያለች የሲዲዎች መንደር ናት። ሲዲዎች ቅድመ አያቶቻቸው ከአፍሪካ የሄዱ ህንዳውያን ናቸው። ከዚያ ወዲህ የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ።

መንደሯ ያለችው ጊር ሶምናት አውራጃ ውስጥ ነው ብለሃል። የሕዝብ ቆጠራው ላይ ግን በዚህ ስም አውራጃ የለም። ተሳስተሃል? (ከአዳማ)

አልተሳሳትኩም፤ ቆጠራው ነው የቆየው። የ2011ዱ ቆጠራ ሲካሄድ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጃምቡር በጁናጋድ አውራጃ ሥር ነበረች። ጊር ሶምናት ከጁናጋድ ተቆርጦ ራሱን የቻለው በነሐሴ 2013 ነው። እንግዲህ ጁናጋድ ብለህ፣ ከዚያ ታላላ ወረዳ ገብተህ ፈልጋት። የ2021ዱ ቆጠራ በኮሮና ምክንያት ተራዝሟል። ስለዚህ «የዘንድሮ የሕዝብ ብዛት» የሚል ድረ ገጽ ካየህ ወይ የ2011ዱን ቁጥር ገልብጦታል፣ ወይ ገምቶ ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ እኮ አሁን ጎረምሳ ሆኗል።

በቆጠራው ሠንጠረዥ ከ0 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች ለብቻ የሚቆጠሩት ለምንድን ነው?

ማንበብና መጻፍ የሚሰላው ከ7 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ። ሕፃናቱን ሳትቀንስ ብታሰላ መንደሩን ያለ ጥፋቱ መሃይም ታደርገዋለህ።

አንዳንድ መንደር ሕዝቡ «0» ይላል። የማተሚያ ስህተት ነው? (ከጎንደር)

አይደለም። የህንድ መንደር በመዝገብ ላይ መጀመሪያ የመሬት ወሰን ነው፤ ሰው ኖረበትም አልኖረበትም ስሙ አይፋቅም። በ2011 ከ640 ሺህ በላይ መንደር ተመዝግቦ ሰው የሚኖርበት 597 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። በሰሜን ህንድ ባዶውን «ቤ ቺራግ» ይሉታል፤ መብራት የሌለው ማለት ነው። እኛ ብንሆን ጭስ የማይወጣበት እንል ነበር።

እሺ፣ በምን ይኬዳል? (ከዱባይ)

ትልቁ የባቡር ጣቢያ ባሕር ዳርቻው ላይ ያለችው ቬራቫል ናት። ከዚያ ወደ ታላላ በመንግሥት አውቶቡስ ትሄዳለህ፤ ሰዉ «ኤስ ቲ» ይለዋል። ታላላ በኬሳር ማንጎዋ የታወቀች ከተማ ናት። በጊር ጫካ የሚያልፈው የድሮው ባቡርም ይነካታል፤ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነው፣ ልክ እንደ ድሮው የጅቡቲ ባቡራችን። ከታላላ ወዲያ ባጃጅ ነው፤ ስሙን እንኳ ከህንድ ኩባንያ ነው የወሰድነው። የአካባቢው ሰው ደግሞ «ቻክዶ» አለው። ከፊቱ ሞተር ብስክሌት፣ ከኋላው የጭነት ሳጥን፣ ከላዩ የሰው መዓት።

ስለ አውቶቡስ የቆጠራውን የመንደር ሠንጠረዥ ብቻ አትመን። አውቶቡስ በመንደሩ ከሌለ ከ5 ኪሎ ሜትር በታች የሚገኘው «ኤ»፣ እስከ 10 «ቢ»፣ ከዚያ በላይ «ሲ» ተብሎ ይጻፋል። የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሄድ ፊደሉ አይነግርህም። ጊር ደግሞ አንበሳ መንገድ የሚያቋርጥበት አገር ነው፤ ሳይመሽ ግባ።

የሕዝብ ቁጥር ለመንገድ ምን ያደርጋል?

ብዙ ያደርጋል! በታኅሣሥ 2000 የተጀመረው የህንድ መንግሥት የገጠር መንገድ ፕሮግራም፣ በሜዳማ ቦታ 500 ሰው ያለውን ሰፈር፣ በተራራ፣ በበረሃና በጎሳ አካባቢዎች ደግሞ 250 ሰው ያለውን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ነው የተነሳው። የተለካውም በ2001ዱ ቆጠራ ነው። በዚያ ቀን 490 ሰው የተቆጠረበት የሜዳ ሰፈር ምን እንደሚሰማው አስበው።

ሲዲዎችን «ሀብሺ» ይሏቸዋል። ታዲያ ወገኖቻችን ናቸው? (ከዋሽንግተን፣ ከሦስት ሰው)

ቃሉ በዐረብኛ በኩል ከእኛው ስም የመጣ ነው። ደቡብ ህንድ ላይ ጦር የመራው ማሊክ አምባርም ከኢትዮጵያ በባርነት የተወሰደ ሰው ነበር። በ1626 ነው የሞተው። ግን ህንድ ውስጥ «ሀብሺ» ለጥቁር አፍሪካዊ ሁሉ የተሰጠ ስም ሆነ፤ የብዙ ሲዲዎች ዘር የሚመዘዘው ከእኛ ደቡብ ካለው የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነው። ጃምቡር ሄዳችሁ በአማርኛ ሰላም ብትሉ በጉጃራቲ ይመልሱላችኋል።